የሃይፖው ዱቄት

ዘካሪያስ ኦይታ ልጅቷን በር ላይ እንዳያት ለመታወቂያ ፎቶ የመጣች ነች ብሎ ደመደመ። አይፈረድበትም። አዲስ የቀበሌ መታወቂያ ይታደላል ከተባለ ወዲህ በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ያለችው ጠባብ ፎቶ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሲጎርፍባት ትውላለች። የላንቴ ሙዝ ገበሬ በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣል፤ የምዕራብ ዓባያ ነጋዴ አቧራውን እያራገፈ ይገባል። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሁለት ጆሮው የሚታይበት ጉርድ ፎቶ።

«ግቢ፣ ግቢ፣ አትፍሪ» አላት። «ሻሹን አውልቂው። ጆሮ መታየት አለበት ብለዋል።»

ልክነሽ ባዶ ጀሪካን ይዛለች። የመጣችበትን ጉዳይ ከላይኛው ከተማ፣ ከሴቻ ቁልቁል ስትወርድ መንገዱን ሙሉ በልቧ ስትለማመደው ነበር። ነገር ግን አፏን ከመክፈቷ በፊት ሰውየው ጀሪካኑን ተቀብሎ ጥግ አኖረው፤ በርጩማ ስቦ አስቀመጣት፤ ከጀርባዋ ያለውን ሰማያዊ መጋረጃ አስተካከለ።

«እኔ እንኳን የመጣሁት...»

«አትናገሪ! ሲያወሩ አፍ ይጣመማል። ኋላ እኔን ነው የምትወቅሺው።»

ዝም ማለት ለልክነሽ ከባድ ሥራ አልነበረም። መብራቱ ቦግ አለ፤ ካሜራው ቀጭ አለ።

«አለቀ! ነገ ከሰዓት መጥተሽ ትወስጃለሽ። ቀበሌ?»

«ጋሼ፣ ፎቶ አልፈለግሁም ነበር» አለች ሻሿን እየጠመጠመች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «የመጣሁት ለሃይፖው ነው።»

«ለምኑ?»

«ፎቶ ካጠቡበት በኋላ ለሚደፉት ሃይፖ። አዲሱን አይደለም፤ ያረጀውን።»

ዘካሪያስ ጀሪካኑን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና ጀሪካኑን አየ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትናገሪ አሉኝ።»

ሰውየው ሳቁን ለቀቀው። ወረፋ ይዘው ደጅ የቆሙት ገበሬዎች እንኳ ምን ተፈጠረ ብለው በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቁ።

ሳቁ ሲበርድለት ጉዳዩን አስረዳችው። የኬሚስትሪ መምህርት ነች። ፎቶ የሚታተምበት ወረቀት ብር የተቀባ ነው፤ መስቀልና ቀለበት የሚሠራበት ብር። ብርሃን ያረፈበት ጠቁሮ ምስል ይሆናል። ብርሃን ያላረፈበት ደግሞ ሃይፖው ውስጥ ይሟሟል፤ ጨው ውሃ ውስጥ እንደሚሟሟ ያለ ነው፤ ስለማይታይ የለም ማለት አይደለም።

«እኔ በየሳምንቱ ከጓሮ የምደፋው ውሃ ውስጥ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጌታ ሆይ!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤቴ እንዳትሰማ፤ አደራ።»

ጀሪካኑን ሞልቶ ሰጣት። እንዳትደክም ብሎም እስከ መኪና መጠበቂያው ራሱ ተሸከመላት። ፎቶዋንም ያለ ዋጋ እንደሚያጥብላት ነገራት፤ ልክነሽ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶው ያሰበችበት ጊዜ አልነበረም።

የሚያሳስባት ሌላ ነበር። «ትምህርት ለምርት» የሚለው መፈክር ሴቻ ባለው የትምህርት ቤታቸው በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሸዋንዳኝም መፈክሩን ቃል በቃል ነበር የወሰዱት። ከክፍለ ሀገሩ አንድ ኮሚቴ መጥቶ እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ያመረተውን ሊመለከት ነው። ግብርና ሙዝና ፓፓያ ደርድሯል። ሆም ኢኮኖሚክስ ጥልፍ አለው። እጅ ሥራ በርጩማ ሠርቷል። አቶ ሸዋንዳኝ በመምህራን ስብሰባ ላይ ወደ ልክነሽ ዞረው «ኬሚስትሪ እስካሁን ያመረተው ሽታ ብቻ ነው» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ በኋላ የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም፦ ምርት ማቅረብ ያልቻለ ክፍል ቤቱን ለግብርና ያስረክባል፤ ላቦራቶሪውም የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል።

ላቦራቶሪ ቢባልም ያን ያህል የሚያኮራ አልነበረም። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንገታቸው የተሸረፈ ጥቂት ብርጭቆዎች፤ ይኸው ነው። ልክነሽ ግን ጨንቻ ስትማር ይህንንም አላየችም። እዚያ ኬሚስትሪ ማለት ጠመኔ ነበር። አሲድ በጠመኔ ይሳላል፤ እሳት በጠመኔ ይነድዳል፤ ጋዝ ቀስት ተደርጎለት በጠመኔ ወደ ላይ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ የመስታወት ቱቦ ስትይዝ እጇ ስለተንቀጠቀጠ ቱቦው ወድቆ ተሰበረ፤ አጠገቧ የነበሩት የከተማ ልጆች ሲሳሳቁ ሰማች። የእሷ ተማሪዎች እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ትፈልጋለች። ይህን ለአቶ ሸዋንዳኝ መንገር አልቻለችም። ስብሰባ ላይ ተነስታ ተናግራ አታውቅም። ስለዚህ የሚታይ ነገር ማምጣት ነበረባት።

ተማሪዎቿን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ አምጡ አለቻቸው። ጭቅጭቅ ተነሳ።

«ቲቸር፣ የኛ ገና አላለቀም፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሠራል።»

«ፀሐይ ላይ ሁለቴ የተሰጣውን አምጡልኝ።»

«ሁለቴ ተሰጥቶ የተነከሰው ነውኮ የሚሠራው፣ ቲቸር!»

ያም ሆኖ ቅርጫት ሙሉ አመጡ። ድንጋዩን በፒንሳ ስትልጠው ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት እጇንና ነጭ ጋውኗን አጨማለቀው፤ የምትፈልገው ግን ቅርፊቱን ነበር። ቅርፊቱ ዚንክ ነው። ዚንክ ብር ወደሟሟበት ውሃ ሲገባ ራሱ ይሟሟና ብሩን ያስወጣዋል። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል፤ በሰው የተሞላ አውቶቡስ ላይ ወንበር እንደመቀየር። በመጽሐፍ አንብባዋለች፤ በዓይኗ ግን አላየችውም።

ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ በሩን ዘጋች፤ የታጠበ የዚንክ ቁራጭ ወደ ሃይፖው ጣለች፤ አጎንብሳ ጠበቀች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ የቁራጩ ጠርዝ ጠቆረ። ጥቁሩ ወፈረ፣ ጠጉር አወጣ፣ ተላቀቀ፤ ጭስ ቁልቁል ሲወርድ የሚመስል ነገር ውሃው ውስጥ ተጥመለመለና ወደ ታች ሰመጠ። ሌላ ተከተለው። ልክነሽ ትንፋሿን ያዘች። ብቻዋን መሆኗን ዞር ብላ አረጋገጠችና አንድ ጊዜ ዘለለች። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንኳኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትዕግሥት ነበር። ውሃውን ማጥለል፣ ማጠብ፣ የተረፈውን ዚንክ እንዲበላ ከጋራዥ በለመነችው የመኪና ባትሪ አሲድ ጠብ ጠብ እያደረጉ መጠበቅ፣ አረፋው ሲያበቃ እንደገና ማጠብ። ኮሚቴው በሚመጣበት ዋዜማ በእጇ የቀረው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ፣ ከጤፍ ዱቄት የለሰለሰ ግራጫ ዱቄት ነበር። በቆርቆሮ ሰሃን ላይ ጋዜጣ ዘርግታ በተነችውና እንዲደርቅ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ዚንክ ያልገባበት ትርፍ ሃይፖ በባልዲ ሆኖ ጠረጴዛው ሥር ቀረ። ደስ ብሏት ቤቷ ሄደች፤ ደስ ብሏት ተኛች።

ጠዋት ስትመጣ ግቢው ሌላ ግቢ ሆኗል። ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። ባንዲራ ተሰቅሏል። ሙዙ በመደዳ ተንጠልጥሏል። ልክነሽ ወደ ክፍሏ ሮጣ ስትገባ ሰሃኑ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘችው። ባልዲውም ባዶ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ጌጤ ወለሉን ትወለውላለች።

«እትዬ ጌጤ... እዚህ ሰሃን ላይ የነበረውስ?»

«አመዱ? ጨረስኩት» አለች ጌጤ ቀና ብላ። የጋሞ ሴት ነች፤ ስትቸኩል ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ መምህርት። ማታ ዝናብ የኩሽናውን አመድ አበሰበሰው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ደወሉ እንደ መስታወት ይብረቅ አለኝ። ያንተ አመድ ጥሩ ነው! ተነፍቶ ነው? ከየት አመጣህ?»

ልክነሽ የተደፋውን ሰሃን ገልብጣ አየች፤ አንዲት ቅንጣት አልቀረም። ጌጤን ልትቆጣ አልቻለችም። ዕቃ በአመድ ታሽቶ እንደሚጸዳ የማያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም፤ እሷም ራሷ የእናቷን ድስት በአመድ እያሸች ነው ያደገችው። ጋዜጣ ላይ የተሰጣ፣ የደረቀ፣ የላመ ግራጫ ነገር ያየ ሰው ሌላ ምን ሊለው ይችላል?

«ውሃውስ?»

«እሱንም ለደወሉ። ሎሚም ጨመርኩ። ምነው፣ ልጄ? ምነው ፊትህ?»

ወዲያው ከደጅ የአቶ ሸዋንዳኝ ጩኸት ተሰማ።

«ደወሉን ማነው ቀለም የቀባው?»

ግቢው መሐል ባለች ጠረጴዛ ላይ የእጅ ደወሉ ቆሟል። ትናንት ቢጫ ናስ ነበር፤ ጠርዙ የጠቋቆረ፣ ጀርባው አረንጓዴ ዝገት ያበቀለ። ዛሬ ነጭ ነው። እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። መምህራኑ ከበውት ቆመዋል። ጌጤ ከልክነሽ ኋላ ወጥታ ይህን ስታይ መወልወያው ከእጇ ወደቀ።

«እኔ አልቀባሁም! አሸሁት እንጂ፣ ጌቶች!»

«የናስ ደወል ታሽቶ ነጭ ይሆናል? የመንግሥት ንብረት ነው ያበላሸሽው! ኮሚቴው ሊደርስ ነው እኮ! ምን ልበላቸው?»

ልክነሽ ደወሉን አየችው። አንድ ነገር በጭንቅላቷ ውስጥ ቦግ አለ። ባልዲው ውስጥ የነበረው ሃይፖ ዚንክ አልገባበትም ነበር። ብሩ ገና ውሃው ውስጥ ነበር። ናስ ሲያገኝ...

«ብር ነው!» ብላ ጮኸች።

በዚያ ግቢ ከተመደበች ጀምሮ ስትጮህ የሰማት አንድም ሰው የለም። ሁሉም ዞረ። ራሷም ደነገጠች፤ ግን ቃሉ ወጥቷል፤ ሌላው ቃል ተግተልትሎ ተከተለው።

«ቀለም አይደለም፣ አቶ ሸዋንዳኝ። ብር ነው። በጥፍርዎ ይፋቁት፣ አይነሳም። እትዬ ጌጤ ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዱቄቱን ሳልሸፍን የሄድኩት እኔ ነኝ። ግን ይዩት! ከፎቶ ቤት የተደፋ ውሃ ነውኮ! ሠርቷል ማለት ነው!»

አቶ ሸዋንዳኝ ደወሉን በጥፍራቸው ፋቁት። አልተነሳም። ለአፍታ ያመነቱ መሰሉ፤ ከዚያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ፣ ብር ይሁን። ምርት ያልኩሽ ግን የሚመዘን፣ የሚሰፈር ነገር ነው። ኮሚቴው ፊት የትምህርት ቤቱን ደወል ምርቴ ነው ልትዪ ነው? አሁን ዱቄት ብለሻል። ዱቄቱ የታል?»

«ደወሉን አሸንበት።»

መምህራኑ ሳቁ። እሷ ግን በዚህ ጊዜ አላፈረችም፤ ጊዜ አልነበራትም።

«ደግሜ እሠራዋለሁ። እነሱ ሙዙን አይተው እስኪጨርሱ ይስጡኝ።»

«በምንሽ?»

በእርግጥም በምኗ? አንዲት ጠብታ ሃይፖ የላትም። ሲቀላ ቁልቁል ሩቅ ነው፤ በእግር ወርዶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያኔ የግብርናው መምህር ማቴዎስ ጉሮሮውን ጠረገ። ከመሥሪያ ቤት የተዋሰው አሮጌ ሞተር ሳይክል ዛፍ ተደግፎ ቆሟል።

«ጉድ ነው» አለ። «የኔን መጋዘን ልትነጥቂኝ በኔው ሞተር ልትሄጂ ነው?»

«መጋዘንህ አይደለም፤ ክፍሌ ነው» አለች ልክነሽ።

ማቴዎስ ዓይኑን አፍጥጦ አያት፤ ይህች ልጅ መናገር ትችላለች ለካ እንደማለት። ከዚያ ሞተሩን ረግጦ አስነሳው።

«ውጪ እንግዲህ! አጥብቀሽ ያዢ፤ ፍሬኑ እንደ ፈቀደው ነው።»

ልክነሽ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። ቀሚሷን በአንድ እጇ፣ ኮርቻውን በሌላው ጨምድዳ ቁልቁለቱን ወረዱት። የዓባያ ሐይቅ ከፊት ለፊት ቀላ ብሎ ተዘርግቶ ይታያል፤ ጫሞ በዛፎቹ መሐል ብልጭ ይላል፤ ፍየሎች እየዘለሉ መንገድ ይለቃሉ፤ ነፋሱ ሻሿን ነጥቆ ሊወስድባት ይታገላል። መፍራት ነበረባት። እሷ ግን የምታስበው ስለ ደወሉ ነበር፤ ዓይኗን ብትጨፍን ያው ነጭ ነገር ይታያታል፤ ሳታውቀው ጮክ ብላ ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል? እኔ ነፍሴን ይዤ ነው ያለሁት!» ይላል ማቴዎስ።

ዘካሪያስ ፎቶ ቤቱ ደጅ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በርጩማ ላይ አስቀምጦ «ጆሮ!» እያለ ነበር። ልክነሽ ከሞተሩ ሳትወርድ ጀመረችለት። ጌጤን፣ አመዱን፣ ደወሉን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ሰውየው አፉን ከፍቶ አዳመጠ።

«ደወሉ ነጭ ሆነ?»

«ነጭ!»

«ትናንት የላንቴን አንድ ቀበሌ ሙሉ አጥቤበታለሁ» አለ ዘካሪያስ ወደ ጨለማ ክፍሉ እየሮጠ። «ልማድ ሆኖብኝ ልደፋው ነበር። የባለቤቴ ወንድም ስለመጣ ነው የዘገየሁት፤ ጌታ ይባርከው!» ጀሪካኑን አቅፎ ወጣ። ለሽማግሌው «አባባ፣ ፎቶዎ በነፃ ነው፤ ሰኞ ይመለሱ» አለና በሩን ቆለፈ። «እኔም መጥቼ ማየት አለብኝ። ብዙ ዓመት የደፋሁት እኔ ነኝ።»

«ይህ ሞተር ለሁለትም እየለመንኩት ነው» አለ ማቴዎስ።

ለሦስት ሆኑ፤ ጀሪካኑን ሲጨምሩ ለአራት። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ማቴዎስና ዘካሪያስ ወርደው ይገፋሉ፤ ልክነሽ ጀሪካኑን አቅፋ ከኋላ ትሮጣለች፤ ሜዳ ሲሆን እንደገና ይሰቀላሉ። ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ሦስቱም የአቧራ ሐውልት መስለው ነበር። ኮሚቴው ከፓፓያው አልፎ ጥልፉ ላይ ደርሷል።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ካሱ ካኪ የለበሱ ወፍራም ሰው ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ንግግር ሲሰሙ ስለቆዩ ዓይናቸው ከብዷቸዋል። ወደ ኬሚስትሪ ጠረጴዛ ሲደርሱ ያዩት ውሃ የሞላበት አንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ የቆርቆሮ ቁርጥራጭና አቧራ የለበሰች ልጅ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ጠበል ነው?»

«አይደለም፣ ጓድ» አለች ልክነሽ። እጇ ሊንቀጠቀጥ ሲጀምር ተሰማት። ሰዎቹን ማየት ትታ ዚንኩን አየችው። «ፎቶ የታጠበበት ውሃ ነው። ብር ሟሙቶበታል። ይሄ ከባትሪ ድንጋይ የተላጠ ዚንክ ነው። ሲገናኙ ይመልከቱ።»

ጣለችው። ሰው ሁሉ አጎነበሰ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ አቶ ሸዋንዳኝ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ጠርዙ ጠቆረ። ጠጉር አወጣ። ጥቁሩ ጭስ ተጥመልምሎ ወረደ፤ ሌላ ተከተለው፤ ወዲያው ከሁሉም ቁራጭ እየረገፈ እንደ ማታ ዝናብ ወደ ብርጭቆው ታች መውረድ ጀመረ።

«ኧረ!» አለች ጌጤ ከኋላ። «አመዱ ተመልሶ መጣ!»

«ጭቃ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ አቶ ሸዋንዳኝ። «እጅ ሥራውን ደግሞ እናሳይዎ፣ በዚህ በኩል...»

«ቆይ እስቲ» አሉ ጓድ ካሱ። ዓይናቸው ነቅቷል። «ጭቃው ምን ሊሆን ነው?»

ልክነሽ ጥቁሩን ዝቃጭ በሻሿ አጠለለችው፤ ሌላ ጨርቅ ለመፈለግ ጊዜ አልነበራትም። አጠበችው፤ እንደገና አጠበችው። ከውስጡ በጥፍር የሚነሳ ያህል ቆንጠር አድርጋ በተገለበጠው ሰሃን ጀርባ ላይ አኖረችውና የማንኪያ ጀርባ ጫን አድርጋ አሸችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ። ግራጫው ነጣ። ከዚያ በማንኪያው መንገድ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ድንገት በራች።

ሰው ሁሉ ወደ ሰሃኑ ተጠጋ።

«ማንኪያውን አምጪው» አሉ ጓድ ካሱ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው አሹት። መስመሩ ሰፋ። ሰሃኑን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት፤ ጠጋ አድርገው አሸተቱት፤ መልሰው አሹት፤ ፊታቸው ላይ የልጅ ፈገግታ መጣ። «ይሄን ውሃ ማነው የሚደፋው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ!» አለ ዘካሪያስ እጁን አውጥቶ፤ የሚሸለም ይመስል። «ከጓሮ ነው የምደፋው!»

«በጣም ጥሩ፤ ከዛሬ ወዲያ እንዳትደፋ። ከአንድ ጀሪካን ስንት ይወጣል፣ መምህርት?»

የምትፈራው ጥያቄ ይህ ነበር። አቶ ሸዋንዳኝ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ትንሽ ከፍ አድርጎ መናገር ይቻል ነበር፤ ማን ይመዝናል?

«ጥቂት ነው፣ ጓድ» አለች። «ሁለት የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። እሱም ውሃው ብዙ ፎቶ ከታጠበበት ነው።»

«እንግዲህ ሰምተዋል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ አቶ ሸዋንዳኝ ቶሎ ብለው። «እኛ ደግሞ የማዳበሪያ ቦታ ቸግሮናል። ክፍሉ...»

«ግን» አለች ልክነሽ፤ ርዕሰ መምህሩን ስታቋርጣቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ «የሆስፒታል የራጅ ፊልምም የሚታጠበው በዚሁ ነው፤ በእሱ ላይ ያለው ብር ደግሞ ከዚህ ይበዛል። ተማሪዎቹም ሥራውን በእጃቸው ይሠሩታል። ሙዝ በልተን እንጨርሰዋለን። ይህን ያወቀ ልጅ ግን ነገ ሌላ ነገር ከሌላ ውሃ ያወጣል። ለዚህ ክፍሉ ያስፈልገኛል፣ ጓድ። ውጪ ሆኜ ልሠራው አልችልም።»

ጨረሰች። እንዲህ ብዙ የተናገረችበትን ሌላ ቀን ማስታወስ አልቻለችም። ልቧ እንደዚያ ሞተር ይንደቀደቃል።

ጓድ ካሱ ሰሃኑን አልለቀቁም።

«ማዳበሪያው የማነው?»

«የኔ ነው» አለ ማቴዎስ ከአቧራው ውስጥ። «እውነቱን ለመናገር ግን፣ ጓድ፣ የኬሚስትሪ ክፍል ጣሪያው ያፈሳል። ማዳበሪያዬ ይበሰብስብኛል። ከአዳራሹ ጀርባ ይሻለኛል።»

ልክነሽ ዞር ብላ አየችው። ጣሪያው አያፈስም። ማቴዎስ ወደ ሰማይ ይመለከት ነበር።

«እንዲያ ከሆነ ምን ያከራክራል?» አሉ ጓድ ካሱ። «ላቦራቶሪው ባለበት ይቆይ። ለሆስፒታሉ እኔ እነግራለሁ፤ የራጅ ውሃውን ለእናንተ ያጠራቅሙላችሁ። አቶ ሸዋንዳኝ፣ ይህን ምርት ከሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ አስገቡልኝ። ሰሃኑን እኔ ይዤው እሄዳለሁ፤ ለቢሮ ሰዎች ላሳያቸው።»

«የኩሽና ሰሃን ነው...» ስትል ጀመረች ጌጤ።

«ይውሰዱት፣ ምን አለበት፣ እትዬ ጌጤ!» አለች ልክነሽ የጌጤን እጅ ጨብጣ። «ሌላ እገዛልሻለሁ።»

ዘካሪያስ ካሜራውን ሳይዝ በመምጣቱ ራሱን እየረገመ ከብርጭቆው አጠገብ አልነቃነቅ አለ። ጥቁሩ ገና ይወርድ ነበር። ተማሪዎቹ ተጋፍተው ከበቡት፤ ልክነሽም ዚንኩን ለእያንዳንዳቸው እያቀበለች ራሳቸው እንዲጥሉት አደረገች።

ሰኞ ጠዋት ማዳበሪያው ከአዳራሹ ጀርባ ተራገፈ፤ ዘጠነኛ ቢ ኬሚስትሪ ክፍል ገብቶ ተማረ።